ለድርጅታችን ሰርቨር የቱን እንጫን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ሰርቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሠላሳ ሠራተኞች ያሉን ድርጅት ነን። ፋይል የምንጋራበት፣ የሂሳብ ፕሮግራማችን የሚሠራበትና ፕሪንተሮቻችንን የሚያገናኝ ሰርቨር ልንገዛ ነው። አንዱ አቅራቢ «ከዊንዶውስ ሰርቨር ሌላ አይሆንላችሁም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሊኑክስ በነጻ እያለ ለምን ገንዘብ ታወጣላችሁ?» ይለናል። የማንን እንስማ? ርካሹ የኢሴንሻልስ እትምስ ይሆነናል? — የአስተዳደር ኃላፊ

መልስ፦ ከሁለቱም በፊት የሂሳብ ፕሮግራሙን የሠራውን ድርጅት ይጠይቁ። ምርጫው የሚቆረጠው እዚያ ነው። ጥያቄዎ «ሊኑክስ ላይ ይሠራል ወይ?» ብቻ አይሁን። በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በየትኛው እትም፣ ከየትኛው ዳታቤዝ ጋር ሲጫን ድጋፍ እንደሚሰጡ በጽሑፍ ያስመልሷቸው። ድጋፍ በማይሰጡበት ሲስተም ላይ የተጫነ ፕሮግራም ሂሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ቢቆም፣ የሚደውሉለት ሰው አይኖርም።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2017 እትሙ ጀምሮ ሊኑክስ ላይም ስለሚጫን «እንግዲያው ፕሮግራሙም ይሠራል» ብለው ይደመድማሉ። ዳታቤዙ ግን የፕሮግራሙ አንድ ክፍል ብቻ ነው። የተጠቃሚ ፈቃድ የሚቆጥረው አገልግሎት፣ ሪፖርት አውጪውና ከዳታቤዙ ውጭ በጋራ ፎልደር የሚቀመጡት ፋይሎች ዊንዶውስ ሊጠይቁ ይችላሉ። በነጻ የሚሰጠው የኤክስፕረስ እትምም የራሱ ገደብ አለው። እስከ 2022 ባሉት እትሞች አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም፤ ለዳታ ማቆያ የሚጠቀመውም ሚሞሪ ወደ 1.4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሰርቨሩ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ተገጥሞለት ሪፖርቱ ግን እንደ ቀድሞው የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ፋይል መጋራትና ፕሪንተር ለብቻቸው ዊንዶውስ ሰርቨር እንድትገዙ አያስገድዱም። ሊኑክስ ላይ የሚጫነው ሳምባ ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፎልደር ያጋራል፣ በይለፍ ቃል ይጠብቃል፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ መብት ይሰጣል። ፕሪንተሮቹ የኔትወርክ ገመድ የሚቀበሉ ከሆነ ደግሞ እንደ እናንተ ላለ ቢሮ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በቀጥታ በአይፒ አድራሻቸው ቢያትም ይሻላል። ሰርቨር በመሃል መግባት የሚኖርበት ማን ስንት ገጽ እንዳተመ መቆጣጠር ከፈለጋችሁ ብቻ ነው።

የሊኑክስ ነጻነት የላይሰንስ ነጻነት ነው። የሚያስተዳድረው ሰው ሥራ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ የሂሳብ ፕሮግራሙ ዊንዶውስ የሚፈልግ ከሆነ ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ግዙና በሁለት ቨርችዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ) ከፍላችሁ ተጠቀሙበት፤ አንዱ ለዶሜን (የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች የጋራ መዝገብ) እና ለፋይል፣ ሌላው ለሂሳብ። በብራውዘር የሚከፈት፣ በፖስትግሬኤስኪውኤል ወይም በማሪያዲቢ ዳታቤዝ የሚሠራ ከሆነ ግን ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚደገፈው እትም) ወይም ዴቢያን ይበቃችኋል፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚከታተለው ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት። ማንም ሳያሻሽለው ሦስት ዓመት የቆየ ሊኑክስ በየወሩ ከሚሻሻል ዊንዶውስ የከፋ ነው።

ርካሽ ሆኖ ስለሚገኘው የዊንዶውስ ሰርቨር ኢሴንሻልስ እትም ጠይቀውናል። ገደቡ 25 ተጠቃሚና 50 መሣሪያ ስለሆነ እናንተን አይችልም። የቆየ እትም በቅናሽ ሲቀርብላችሁ ደግሞ የድጋፉን ማብቂያ ቀን ተመልከቱ። የ2016 እትም ጃንዋሪ 12 ቀን 2027፣ የ2019ኙ ጃንዋሪ 9 ቀን 2029፣ የ2022ቱ ኦክቶበር 14 ቀን 2031 ያበቃል፤ የ2025ቱ እስከ 2034 ይዘልቃል። አንድ ሰርቨር በአማካይ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ስለሚያገለግል፣ ከዕቃው ቀድሞ ድጋፉ የሚያልቅበትን እትም መግዛት ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ጥያቄ፦ የገዛነው ሰርቨር ሁለት ፕሮሰሰር አለው፤ እያንዳንዱ ባለ 12 ኮር ነው። አራት የዊንዶውስ ቨርችዋል ማሽኖች ልናስነሳበት ነው። ሻጩ «አንድ የስታንዳርድ ላይሰንስ ይበቃል» ብሎናል። እውነት ነው? — የአይቲ ባለሙያ

መልስ፦ አይበቃም። ስሌቱን እስከ መጨረሻው እናሳይዎት። ዊንዶውስ ሰርቨር የሚገዛው በኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉት የሥራ ክፍሎች) ብዛት ነው፤ በሰርቨሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ኮር መሸፈን አለበት። የእርስዎ 24 ኮር ነው። 24ቱንም በስታንዳርድ አንድ ጊዜ ሲሸፍኑ የሚያገኙት ሁለት የዊንዶውስ ቨርችዋል ማሽን የማስነሳት መብት ነው። ለአራት ማሽን 24ቱን ኮር ሁለተኛ ጊዜ መሸፈን አለብዎት፤ 48 ኮር ሆነ ማለት ነው። ለስድስት ከሆነ 72 ይሆናል። ቨርችዋል ማሽኖቹን ከሥር ሆኖ የሚያስነሳው ፕሮግራም ሃይፐር-ቪ ሆነ ፕሮክስሞክስ ወይም ቪኤምዌር ስሌቱን አይቀይረውም። የሊኑክስ ቨርችዋል ማሽኖች ግን ከዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ የፈለጉትን ያህል ያስነሱ።

ዝቅተኛ ወለልም አለው። ለአንድ ፕሮሰሰር ከ8 ኮር በታች፣ ለአንድ ሰርቨር ከ16 ኮር በታች መግዛት አይቻልም። ባለ 6 ኮር አንድ ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ሰርቨርም የ16 ኮር ይከፍላል። ስለዚህ ወደፊት ሰርቨር ሲገዙ የኮር ብዛት አያጓጓዎት፤ የኮሩ ፍጥነት ከፍ ያለ ባለ 16 ኮር አንድ ፕሮሰሰር ለአብዛኛው የቢሮ ሥራ ከሁለት ባለ 12 ኮር ይሻላል፣ ላይሰንሱም በሲሶ ይቀንሳል። ዳታሴንተር የሚባለው እትም በቨርችዋል ማሽን ቁጥር ላይ ገደብ የለውም፤ ዋጋው ግን ከስታንዳርድ ወደ ስድስት እጥፍ ስለሚጠጋ አዋጭ የሚሆነው የዊንዶውስ ማሽኖቹ ወደ አሥራ ሁለት ሲደርሱ ነው።

ሻጩ ጨርሶ ያላነሳው ሌላ ወጪም አለ፦ ካል የሚባለው የተጠቃሚ ፈቃድ። ሰርቨሩን ለፋይል፣ ለህትመት ወይም ለመግቢያ የሚጠቀም ሁሉ ካል ያስፈልገዋል፤ ኮምፒውተሩ ሊኑክስም ሆነ ማክ ቢሆን ልዩነት የለውም። ካል በሰው ወይም በመሣሪያ ይገዛል። ስልሳ ሠራተኞች በፈረቃ 25 ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ከሆነ በመሣሪያ 25 መግዛት ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ላፕቶፕ፣ ስልክና የቤት ኮምፒውተር ካለው በሰው ይግዙ። የካሉ እትም ከሰርቨሩ እትም ማነስ የለበትም። የ2022 ካል ለ2019 ሰርቨር ይሆናል፣ ለ2025 ግን አይሆንም። ሠራተኞች በርቀት ዴስክቶፕ ሰርቨሩ ላይ ገብተው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ካል አለው። ይህን አገልግሎት ሲጭኑት ለ120 ቀን ያለ ፈቃድ ይሠራል፤ ቀኑ ሲሞላ አንድ ጠዋት ማንም መግባት ያቅተዋል። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ምንም አልነካንም» የሚሉ ብዙ ደብዳቤዎች መነሻቸው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ሴንትኦኤስ 7 በተባለው ሊኑክስ የሚሠሩ ሁለት የዌብ ሰርቨሮች አሉን፤ ፒኤችፒና ማሪያዲቢ ናቸው ያሉባቸው። እስካሁን ምንም አልሆኑም። መቀየር የግድ ነው? ከተቀየሩስ ወደ ምን? — የሲስተም አስተዳዳሪ

መልስ፦ የግድ ነው። የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የተገኙት የደህንነት ቀዳዳዎች በእናንተ ሰርቨሮች ላይ እንደተከፈቱ ናቸው። ሴንትኦኤስ 8 ከእሱም ቀድሞ፣ በ2021 መጨረሻ ተቋርጧል። ሴንትኦኤስ ስትሪም የሚባለው ለቀጣዩ የሬድ ሃት (በክፍያ የሚሰጥ የድርጅት ሊኑክስ) እትም መሰናጃ ስለሆነ ለድርጅት ሰርቨር አንመርጠውም።

እጃችሁ የለመደውን ትዕዛዝና የፋይል አቀማመጥ ሳትለቁ መሄድ ከፈለጋችሁ ሮኪ ሊኑክስና አልማሊኑክስ አሉ። ሁለቱም በ2021 የሴንትኦኤስን ቦታ ለመተካት የወጡ፣ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ 9ኛው እትማቸው እስከ 2032 ይደገፋል። ስልክ ደውላችሁ መልስ የሚሰጣችሁ ወገን፣ ወይም የአንድ ሶፍትዌር አምራች የምስክር ወረቀት ካስፈለጋችሁ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስን በክፍያ ያዙ። ዴቢያን የሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍና የሁለት ዓመት ማራዘሚያ አለው። ኡቡንቱ ኤልቲኤስ አምስት ዓመት ይደገፋል፤ የ2024ቱ እትም እስከ 2029 ማለት ነው። ስለ ኡቡንቱ ብዙዎች የማያውቁት ነገር፣ ይህ አምስት ዓመት «ሜይን» በሚባለው ክፍል ውስጥ ላሉት ፓኬጆች የተገባ ቃል መሆኑን ነው። «ዩኒቨርስ» ውስጥ ያሉት ብዙ ሺህ ፓኬጆች ተመሳሳይ ዋስትና የሚያገኙት በኡቡንቱ ፕሮ ነው። የምትጠቀሙባቸው ፓኬጆች ከየትኛው ክፍል እንደሆኑ ከመጫናችሁ በፊት አረጋግጡ።

ከሮኪና ከአልማ ወደ 9ኛው እትም ወይስ ወደ 10ኛው? ሰርቨራችሁ ያረጀ ከሆነ ወደ 9 ሂዱ። የሬድ ሃት 10ኛ እትምና ሮኪ 10 ፕሮሰሰሩ ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትዕዛዝ ስብስብ እንዲያውቅ ይጠይቃሉ፤ በኢንቴል በኩል ይህ የመጣው በ2013 ነው። አልማሊኑክስ 10 ለቆዩ ፕሮሰሰሮች የተለየ ግንባታ አዘጋጅቷል። አዲስ ዕቃ ላይም ቢሆን ቨርችዋል ማሽኑ የተሰጠው የፕሮሰሰር ዓይነት የጥንት ከሆነ መጫኛው ገና ሲነሳ ይቆማል። ፕሮክስሞክስ ላይ የፕሮሰሰሩን ዓይነት «ሆስት» ወደሚለው ሲቀይሩት ይስተካከላል።

በነበረው ላይ አሻሽላችሁ አትለፉ፤ አዲሱን ከጎኑ ጭናችሁ ዳታውን አሻግሩ። ሦስት ቦታ ላይ ችግር ይገጥማችኋል። የመጀመሪያው ዌብሳይቱ የተጻፈበት ቋንቋ፣ ፒኤችፒ ነው፦ ሴንትኦኤስ 7 ይዞት የመጣው 5.4 ነበር፣ በአዲሱ ላይ 8 ታገኛላችሁ፤ ከዳታቤዝ ጋር ለመገናኘት የሚያገለግሉት የድሮዎቹ የማይኤስኪውኤል ፈንክሽኖች ከ7.0 ጀምሮ ተወግደዋል፣ ስለዚህ አሮጌ ኮድ ባዶ ነጭ ገጽ ያሳያል። ሁለተኛው ማሪያዲቢ ነው፦ ከ5.5 ወደ 10.5 ስትሸጋገሩ ጥብቅ አሠራሩ በነባሪ ስለሚበራ፣ ቀድሞ ረጅም ጽሑፍ ቆርጦ ዝም ብሎ ያስቀምጥ የነበረው አሁን ስህተት ብሎ ይመልሰዋል። መፍትሔው የአምዱን ስፋት ማስተካከል ነው፤ ጥብቅነቱን ማጥፋት የተቆረጠ ዳታ ማጠራቀም ይሆናል። ሦስተኛው ኤስኢሊኑክስ ነው፤ በፋይሎች ላይ በሚለጠፍ መለያ ማን ምን መንካት እንደሚችል የሚወስን የሊኑክስ ጥበቃ። ፋይሎቹን ከቤት ፎልደር ወደ ዌብ ፎልደር በማዘዋወሪያው ትዕዛዝ ከወሰዳችኋቸው የድሮ መለያቸውን ይዘው ስለሚሄዱ፣ የፋይል መብቱ ትክክል ሆኖ እያለ ዌብ ሰርቨሩ «ተከልክሏል» ይላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ኤስኢሊኑክስን ያጠፉታል። አታጥፉት፤ በፎልደሩ ላይ የሪስቶርኮን ትዕዛዝን ስታስኬዱ መለያው ይስተካከላል።

የዶሜን ስሙን ወደ አዲሱ አድራሻ ከማዞራችሁ ከአንድ ቀን በፊት የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት) መዝገቡን የቆይታ ጊዜ ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ አድርጉት። አሮጌውን ሰርቨር ከኢንተርኔት አላቅቁት፣ ግን ሁለት ሳምንት ሳትደመስሱት ይቆይ።

ጥያቄ፦ ተራ ዊንዶውስ 11 ያለበትን ኮምፒውተር ሰርቨር አድርገን ብንጠቀምበትስ? — የሱቅ ባለቤት

መልስ፦ እስከ 20 የሚደርሱ መሣሪያዎች ፋይልና ፕሪንተር ሊጋሩበት ፈቃዱ ይፈቅዳል፤ ሃያ አንደኛው ግንኙነት አይገባም። ያስተውሉ፣ የሚቆጠረው መሣሪያ ነው፤ ስልክና ስካነርም ይደመራሉ። ለአምስትና ስድስት ኮምፒውተር ይሆንዎታል። እንቅልፍ የመግባት ቅንብሩን ያጥፉ፣ አፕዴት ራሱን አስነስቶ ሥራ እንዳያቋርጥ የሥራ ሰዓቱን ያስተካክሉ፣ ባክአፑን አይርሱ።

ጥያቄ፦ አክቲቭ ዳይሬክተሪን (የማይክሮሶፍትን የዶሜን አገልግሎት) በሳምባ መተካት ይቻላል? ወደ ሰማንያ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አሉን። — የኔትወርክ ኃላፊ

መልስ፦ ይቻላል፤ ሳምባ በዲሴምበር 2012 ከወጣው 4.0 እትሙ ጀምሮ ሙሉ የዶሜን ተቆጣጣሪ (መዝገቡን ይዞ መግቢያ የሚፈቅድ ሰርቨር) መሆን ይችላል። የዊንዶውስ ኮምፒውተሮቹ ይቀላቀሉታል፣ ግሩፕ ፖሊሲ (ለሁሉም ኮምፒውተሮች ከአንድ ቦታ የሚሰጥ ቅንብር) ይቀበሉታል፣ እናንተም ከአንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ሆናችሁ በተለመዱት የማይክሮሶፍት መሣሪያዎች ታስተዳድሩታላችሁ። ለሰማንያ ኮምፒውተር ያለ ችግር ይበቃል። ችግር የሚፈጥሩት ግን የሚከተሉት ናቸው።

ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ ጫኑት። በሬድ ሃት፣ በሮኪና በአልማ የሚመጣው የሳምባ ፓኬጅ ፋይል ያጋራል፣ የዶሜን አባል ይሆናል፣ የዶሜን ተቆጣጣሪነት ግን በውስጡ የለም። ይህን ሳያውቁ ትዕዛዙን ሲፈልጉ ቀን የሚያጠፉ አሉ።

ሁለት ተቆጣጣሪ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲቆም ሰማንያ ሰው እንዳይቆም። ተጠቃሚዎችና የይለፍ ቃሎች በሁለቱ መካከል በራሳቸው ይተላለፋሉ። የግሩፕ ፖሊሲ ፋይሎች የሚቀመጡበት ሲስቮል ፎልደር ግን አይተላለፍም፤ ሳምባ ዊንዶውስ የሚጠቀምበትን የፎልደር ማመሳሰያ አያውቅም። አርሲንክ በተባለው የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም በየአምስት ደቂቃው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲገለበጥ አድርጉ፣ አቅጣጫውም ሁልጊዜ አንድ ይሁን፣ ፖሊሲ የምትቀይሩትም ምንጩ ላይ ብቻ። ይህ ካልተደረገ ግማሹ ኮምፒውተር አዲሱን ፖሊሲ፣ ግማሹ አሮጌውን ይይዛል፤ የትኛው ምን እንደያዘ ለማወቅም ያዳግታል።

የሰዓት ልዩነት ከአምስት ደቂቃ ካለፈ የዶሜኑ ማንነት ማረጋገጫ፣ ከርቤሮስ፣ ማንንም አያስገባም፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ መግባት እምቢ ሲል መጀመሪያ ሰዓት እዩ። ተቆጣጣሪዎቹ ላይ ክሮኒ የተባለውን ሰዓት አስተካካይ ጫኑ፣ ቨርችዋል ከሆኑም ከአስተናጋጁ ሰዓት የሚወስዱበትን አጥፉ፤ ሁለት የሰዓት ምንጭ እርስ በርስ ይጎተታል። ኮምፒውተሮቹ ዲኤንኤስ የሚጠይቁት ተቆጣጣሪዎቹን ብቻ መሆን አለበት። ሁለተኛው አድራሻ የራውተሩ ወይም የኢንተርኔት አቅራቢው ሲሆን ዶሜኑ አንዴ ይገኛል፣ አንዴ ይጠፋል። የዶሜኑን ስምም ድርጅታችሁ ካስመዘገበው የኢንተርኔት ስም ሥር አውጡለት፤ በኋላ መቀየር በጣም ከባድ ነው። የተጋሩ ፎልደሮቹን ተቆጣጣሪው ላይ አታስቀምጡ፣ ለእነሱ ሌላ ቨርችዋል ማሽን አዘጋጁ።

የኢሜይል ሰርቨሩን ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ በራሳችሁ ዕቃ ላይ የምታስኬዱ ከሆነ ግን ሳምባን ተዉት። ኤክስቼንጅ የዊንዶውስ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ፋይሎቻችንን ከዊንዶውስ ሰርቨር ወደ ሊኑክስ ስናዛውር በአማርኛ የተሰየሙ አንዳንድ ፋይሎች «ስሙ ረጅም ነው» እያለ አልገለብጥ አለ። ዳታቤዛችን ውስጥ ደግሞ አማርኛው ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኗል። ሊኑክስ አማርኛ አይችልም? — የመዝገብ ቤት ኃላፊ

መልስ፦ ይችላል። ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸው።

የፋይል ስሙን እንይ። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት የዲስክ አደረጃጀት፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ አንድ ስም እስከ 255 ፊደል እንዲይዝ ይፈቅዳል። በሊኑክስ የተለመዱት ኤክስት4 እና ኤክስኤፍኤስ ደግሞ የሚቆጥሩት ባይት ነው፤ ገደባቸው 255 ባይት። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አጻጻፍ ስርዓት አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። 255ን ለሦስት ሲያካፍሉ 85 ፊደል ይመጣል፤ ነጥቡና አራት ፊደል ያለው የፋይል ዓይነት መለያ አምስት ባይት ስለሚወስዱ ለስሙ የሚቀረው 83 ነው። «የ... ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት የመጨረሻ የተስተካከለ» እያለ የሚቀጥል የደብዳቤ ርዕስ በቀላሉ ያልፈዋል። ከመገልበጥዎ በፊት ዊንዶውሱ ላይ ሳሉ ከ80 ፊደል የሚያልፉትን ስሞች አስወጥተው ያሳጥሩ፤ ከተገለበጠ በኋላ የጎደለውን ማደን እጅግ አድካሚ ነው። በሳምባ የተጋራ ፎልደር ላይም ገደቡ ያው ስለሆነ ለሠራተኞቹ ይንገሯቸው። ሊኑክስ የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደልን ለይቶ ስለሚያይ፣ በዌብሳይታችሁ ላይ አንዳንድ ሥዕሎች ጠፍተው ከሆነ ምክንያቱ የፊደሉ መጠን መለያየት ነው።

የጥያቄ ምልክቱ የሚመጣው ከዳታቤዙ አምድ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የለበትም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ቫርቻር የተባለ አምድ በላቲን ቅንብር ሲሆን አማርኛ መያዝ አይችልም፤ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። አምዱን ወደ ኤንቫርቻር ይቀይሩ፣ በትዕዛዙ ውስጥ በቀጥታ ከሚጻፈው ጽሑፍ በፊትም ትልቁን ኤን ያስቀድሙ። ከ8.0 በፊት ያለው ማይኤስኪውኤልም በነባሪ ላቲን1 ስለነበረ ያንኑ ያደርጋል፤ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይሁን። አንዴ ጥያቄ ምልክት የሆነው አይመለስም፣ የሚገኘው ከባክአፕ ብቻ ነው። የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ከሆነ ግን ተስፋ አለ፤ ባይቶቹ አልጠፉም፣ ስማቸው ነው የተሳሳተው። ዳታቤዙን «ላቲን1 ነው» ብለው ወደ ፋይል ያውጡት፣ በፋይሉ ራስጌና በሠንጠረዦቹ መግለጫ ላይ ላቲን1 የሚለውን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይለውጡ፣ ከዚያ በአዲስ ዳታቤዝ ላይ ይጫኑት። ይህን ሁሉ በቅጂ ላይ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም የሚባለው እውነት ነው? — አንባቢ

መልስ፦ አይደለም። በሜይ 2017 ዋናክራይ የዊንዶውስን የፋይል መጋሪያ ቀዳዳ ተጠቅሞ ሲስፋፋ፣ መድፈኛው ማሻሻያ ከሁለት ወር ገደማ በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። በዚያው ወር ሳምባም የራሱ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶበት ተደፍኗል። በማርች 2024 ደግሞ ኤክስዜድ በተባለው የሊኑክስ መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ መግቢያ ተገኘ፤ የተያዘው ወደ ዴቢያን የረጋ እትምም ሆነ ወደ ሬድ ሃት ሳይደርስ ነው። ለድርጅት የረጋ እትም ምረጡ የምንለው ለዚህ ጭምር ነው።

ለኢንተርኔት ክፍት የሆነ ፖርት 22 (የሊኑክስ የርቀት መግቢያ በር) ቀን ከሌት በይለፍ ቃል ግምት ይደበደባል። መግቢያውን በቁልፍ ፋይል ብቻ አድርጉ፣ ሩት የተባለው ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ በቀጥታ እንዳይገባ ዝጉ። ግን አዲሱን ቅንብር ስትሞክሩ የተከፈተውን መስኮት አትዝጉት፤ በሁለተኛ መስኮት መግባት መቻላችሁን ካያችሁ በኋላ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፖርት 3389ን (የርቀት ዴስክቶፕ) እና 445ን (ፋይል መጋሪያ) ለኢንተርኔት በጭራሽ አትክፈቱ፤ ከውጭ የሚሠራ ሰው በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ይግባ።

ጥያቄ፦ ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተምስ ለሰርቨር ይሆናል? — ተማሪ

መልስ፦ ለፋየርዎልና ለፋይል ማከማቻ ጎበዝ ነው፤ ዜድኤፍኤስ የተባለው የዲስክና የፋይል አያያዝ አብሮት ይመጣል፣ ጄይልስ በሚባለው አገልግሎቶችን ይለያያል። የንግድ ፕሮግራሞች ግን እምብዛም አይደግፉትም፣ ባለሙያውም ጥቂት ነው። ብቸኛ ሰርቨራችሁ እንዲሆን አንመክርም።

ጥያቄ፦ ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ አንድ ጠንካራ ሰርቨር አለን። ዊንዶውሱን በቀጥታ እንጫንበት ወይስ ፕሮክስሞክስ ከሥር አድርገን? — የአይቲ ባለሙያ

መልስ፦ ቨርችዋል አድርጉት፤ ዕቃው ሲበላሽ ማሽኖቹን እንዳሉ ወደ ሌላ ማንሳት ብቻውን ይበቃል ለምክንያትነት። ሊኑክስ የማያውቅ ቡድን ከሆናችሁ ሃይፐር-ቪ ይሁን። ነጻው ሃይፐር-ቪ ሰርቨር የ2019ኙ የመጨረሻው ስለሆነ አዲስ አትጀምሩበት፤ በገዛችሁት ስታንዳርድ ውስጥ ያለውን ተጠቀሙ። ታችኛው ዊንዶውስ ግን ቨርችዋል ማሽኖቹን ከማስተዳደር ሌላ ሥራ አይሰጠው፤ ፋይል ማጋራት ከጀመረ ከሁለቱ የማሽን መብት አንዱን ይበላል። ስትጭኑ የመስኮት ገጽ ያለውን ወይስ ኮር የሚባለውን፣ በትዕዛዝ ብቻ የሚሠራውን፣ እንደምትፈልጉ በደንብ አስቡ፤ ከ2016 ወዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው እንደገና በመጫን ነው።

ፕሮክስሞክስ ከሆነ ምርጫችሁ፣ የዊንዶውስ መጫኛው «ዲስክ የለም» ሲል አትደንግጡ። ቨርችዋል ዲስኩን የሚያሳየው የቪርትአይኦ ድራይቨር ስለሌለው ነው፤ የድራይቨሩን አይኤስኦ እንደ ሁለተኛ ሲዲ አያይዛችሁ ከመጫኛው ገጽ ላይ ጫኑት። የፕሮክስሞክሱ አፕዴት ስህተት የሚሰጠውም በነባሪ የሚጠይቀው ለከፋይ ደንበኞች የተዘጋጀውን ማከማቻ ስለሆነ ነው፤ ካልከፈላችሁ ወደ ሌላኛው፣ ያለ ክፍያ ወደሚሠራው ቀይሩት። ዜድኤፍኤስ የምትጠቀሙ ከሆነ ዲስኮቹ ከሬይድ ካርድ (ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ከሚያሳይ ካርድ) ጀርባ አይሁኑ፤ ካርዱን በቀጥታ ማሳለፊያ ላይ አድርጉት። ከ64ቱ ጊጋባይትም ለራሱ ለአስተናጋጁና ለዜድኤፍኤስ መሸጎጫ 12 ያህል ተዉለት፣ የመሸጎጫውን ጣሪያም በቁጥር ወስኑት፤ አለበለዚያ ሚሞሪ ሲጠብ ሲስተሙ ከቨርችዋል ማሽኖቹ አንዱን ሳይጠይቅ ይገድላል።

ስናፕሾት፣ ማለትም የቨርችዋል ማሽኑ የአንድ ቅጽበት ምስል፣ ባክአፕ አይደለም። ከዋናው ዲስክ ጋር አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ አብሮ ይጠፋል፤ ሳይሰረዝ ሲቆይ ደግሞ እያደገ ዲስኩን ይሞላና ሁሉንም ማሽኖች በአንድ ጊዜ ያቆማል። አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት አንሱት፣ ሥራው ደህና መሆኑን እንዳያችሁ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሰርዙት። እውነተኛው ባክአፕ ሌላ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ቅጂም ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። ፋይል የሚቆልፉ ቫይረሶች የሚደርሱበትን ሁሉ ስለሚቆልፉ የባክአፕ ዲስኩ እንደ ተራ የተጋራ ፎልደር ክፍት አይሁን። ከሦስት ወር አንድ ጊዜ አንዱን ማሽን ከባክአፑ በሌላ ስም፣ የኔትወርክ ካርዱን አላቅቃችሁ አስነሱት፤ የሂሳብ ፕሮግራሙን ከፍታችሁ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ከዋናው ጋር አመሳክሩ፣ መመለሱ ስንት ሰዓት እንደፈጀም መዝግቡት።